«የሚያመዝን» እያለን ሁሉን «የበላይ» አንበል

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«ፕሪፖንደረንት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል በትርጉም ጽሑፎችም ሆነ ለተማሪ በሚዘጋጁ የቃላት ዝርዝሮች ብዙ ጊዜ «የበላይ» ተብሎ ይታለፋል። «ዶሚናንት»ም የበላይ፣ «ሱፕሪም»ም የበላይ። ሦስቱ ግን አንድ አይደሉም፤ ለመጀመሪያው ደግሞ አማርኛ ልክክ የሚልለት ቃል አለው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ፖንዱስ» ክብደት ማለት ሲሆን «ፕሬ» ብልጫን ይጨምርበታል፤ ፓውንድ የሚባለው የክብደት መለኪያም ዘመዱ ነው። ኮዬ ፈጬ ጉሊት ላይ ሽንኩርት የሚመዘንበትን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ልብ ይሏል። በአንዱ ሳህን የአንድ ኪሎ ብረት አለ፤ በሌላው ሽንኩርቱ ይጨመራል። ሳህኖቹ እኩል ቆመው ሳለ አንድ ራስ ሽንኩርት ጣል ሲደረግ የሽንኩርቱ ወገን ዝቅ ይላል። ብረቱ አሁንም እዚያው ነው፤ ማንም አልሠለጠነበትም፣ ተመዝኖ ቀለለ እንጂ። ፕሪፖንደረንት ማለት ይኸው ነው፦ የሚያመዝን፣ ሚዛን የሚደፋ። የሕግ ሰዎች ይህን በሚገባ ይዘውታል። በፍትሐ ብሔር ክርክር «ሚዛን የሚደፋ ማስረጃ» ሲሉ ተከራካሪው ባዶ እጁን ነው ማለታቸው አይደለም፤ የአንደኛው ወገን ማስረጃ በለጠ ማለታቸው ነው።

60 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል 34ቱ ሴቶች ቢሆኑ ቁጥራቸው ያመዝናል። ክፍሉን ይገዙታል ግን አያሰኝም።

ዶሚናንት ከዚህ ይለያል፤ ሥሩ «ዶሚኑስ»፣ ጌታ ማለት ነው። ልዩነቱ በባዮሎጂ ትምህርት ፍንትው ብሎ ይታያል። ስድስት ጣት ይዞ መወለድ ብዙውን ጊዜ በዶሚናንት ዘረመል ይተላለፋል፤ ስድስት ጣት ያላቸው ሰዎች ግን ጥቂት ናቸው። ዘረመሉ ከሌላው ወላጅ በመጣው ጥንዱ ላይ ይሠለጥናል እንጂ በብዛት አያመዝንም። ሁለቱን «የበላይ» ብሎ የተማረ ልጅ ዶሚናንት የሆነ ሁሉ የበዛ ይመስለዋል፤ ፈተና ላይም የሚስተው እዚሁ ጋ ነው።

«የበላይ» በትክክል የሚገባው ለሱፕሪም ነው። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ሕገ መንግሥቱ የሀገሪቱ የበላይ ሕግ ነው ሲል ከሌላ ሕግ ጋር አልመዘነውም፤ የሚቃረነው ሕግ ጭራሽ ተፈጻሚነት የለውም።

ስለ አጠቃቀሙም ጥቂት እንበል። ቃሉ ሲነገር ድምፁ የሚጠብቀው «ፖን» ላይ ነው። መደበኛ የጽሑፍ ቃል ስለሆነ ለወግ አይመችም። ለማስረጃ፣ ለአስተያየት፣ ለተጽዕኖ፣ ለድርሻ ይውላል፤ ሰውን ግን «እርሱ ፕሪፖንደረንት ነው» ማለት ለጆሮ ይጎረብጣል። ብልጫው በቃሉ ውስጥ ስላለ ከፊቱ «ሞር» መጨመር ትርፍ ነው። ከሁሉ የከፋው ከ«ፖንደረስ» ጋር ማምታታት ነው፤ እርሱ ከባድና ቀርፋፋ፣ አልፎም አሰልቺ ማለት ነው። «ፕሪፖንደረንት ንግግር» ሊል ፈልጎ «ፖንደረስ ንግግር» ያለ ሰው ሳያስበው ተናጋሪውን ሰድቧል።

ተርጓሚዎቻችሁ ቃሉ ሲገጥማቸው «ከምን ጋር ተመዝኖ?» ብለው ይጠይቁልን። ዓረፍተ ነገሩ መልስ ካለው «የሚያመዝን» ብለው ይጻፉ።

የእንግሊዝኛ መምህራን
ከኮዬ ፈጬ