ባዶ ምድር አይደለም፦ ወደ ዩኮን ለምትሄደው ልጄ

ውድ ልጄ ማህሌት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። በነሐሴ መጨረሻ ከጓደኞችሽ ጋር ወደ ዩኮን፣ ወደ ካናዳ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ልትሄጂ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። በጣም ደስ አለኝ። ከኤድመንተን ወደ ዩኮን ዋና ከተማ ዋይትሆርስ ጭነት ሳመላልስ ዘመኔ አለፈ። ያንን አገር ልጆቼ ባዩት ብዬ ሳልመኝ የተመለስኩበት ጊዜ የለም። ነገሩ በስልክ የሚያልቅ አይደለምና ጻፍኩልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አድርጌዋለሁ።

የላክሽልኝን የጉብኝት ብሮሹር አየሁት። ፎቶዎቹ ውብ ናቸው። ግን አገሩን ሰው ያልደረሰበት ባዶ ምድር አድርጎ ነው የሚያሳየው። በዚህ አልስማማም። እርግጥ ነው፣ ሰው ጥቂት ነው። ዩኮን የኢትዮጵያን ግማሽ ሊያህል ጥቂት የቀረው ስፋት አለው፤ ሕዝቡ ግን ከ45 ሺህ ብዙም አይበልጥም። አብዛኛው ደግሞ ዋይትሆርስ ነው የሚኖረው። ከከተማ ከወጣሽ በኋላ አንድ ሰዓት ሙሉ ነድተሽ የሚያልፍሽ መኪና በጣት የሚቆጠር ነው። ያ ሁሉ መሬት ግን ባለቤት አለው፣ ታሪክ አለው። ይህን ይዘሽ ከሄድሽ እያንዳንዱ ቦታ ሌላ መልክ ይኖረዋል። የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

ጊዜውን በደንብ መርጠሻል። በሰኔ ብትሄጂ ፀሐይ እኩለ ሌሊት ድረስ አትጠፋም፤ ዋይትሆርስ ላይ ብርሃኑ 19 ሰዓት ይዘልቃል። እሱም የራሱ ደስታ አለው። ነገር ግን ትንኙ አያስቀምጥም፣ ሰማዩም ስለማይጨልም በሌሊት ሰማይ ላይ በቀለም የሚወዛወዘው የሰሜኑ ብርሃን (አውሮራ) አይታይም። በነሐሴ መጨረሻ ሌሊቱ መጨለም ይጀምራል፣ ትንኙም ይቀንሳል። እኛ አገር አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ሊያለብስ ሲሰናዳ፣ እዚያ ከዳውሰን ከተማ በስተሰሜን ያለው የቶምብስቶን ተራራ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ደም መስሎ ይቀላል።

ዋይትሆርስ አንድ ቀን ይበቃችኋል። ኤስ ኤስ ክሎንዳይክ የሚባለውን የወንዝ መርከብ እዩት። እስከ 1955 ድረስ ሰውና ዕቃ ያመላልስ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን የዓሣው መሰላል ነው። የዩኮን ወንዝ ላይ የኤሌክትሪክ ግድብ ሲሠራ፣ ሳልሞን ዓሣ ግድቡን እንዲሻገር የእንጨት መተላለፊያ ተሠራለት። ርዝመቱ ከ350 ሜትር በላይ ነው። ጎኑ ላይ መስታወት አለ፤ ጠጋ ብለሽ ውኃ ውስጥ ታያለሽ። ቺኑክ የሚባለው ሳልሞን ከቤሪንግ ባሕር ተነስቶ፣ አላስካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ፣ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ወንዙን ሽቅብ ዋኝቶ ነው እዚያ የሚደርሰው። በመንገድ ላይ ምንም አይበላም። ቆዳው ቀልቶ፣ ክንፉ ተበጣጥሶ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ሕፃን አዋቂው ዝም ይላል። ዛሬ ዛሬ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። ለዚህም ነው በ2024 ካናዳና አላስካ በዩኮን ወንዝ ቺኑክ ማጥመድን ለ7 ዓመት ለማቆም የተስማሙት። ለወንዙ ዳር ሰዎች ይህ ማለት የልጆች ማሳደጊያ ምግባቸው፣ የበጋ ካምፓቸው፣ የአያት ሙያቸው ቆመ ማለት ነው። መስታወቱ ባዶ ቢሆንባችሁ "ምንም የለም" ብላችሁ ቶሎ አትውጡ። እዚያ ያሉትን ሠራተኞች ጠይቋቸው፤ ደስ ብሏቸው ያስረዳሉ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ክሉዋኒ ብሔራዊ ፓርክ ትነዳላችሁ። መንገዱ የአላስካ ሀይዌይ ነው። ይህን መንገድ ማን እንደሠራው ማወቅ አለብሽ። ጃፓን በታኅሣሥ 1941 ፐርል ሃርበርን ስትመታ አሜሪካኖች ለአላስካ ሰጉ። በ1942 የጦር ሠራዊታቸው ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ካለችው ዶሰን ክሪክ እስከ አላስካ 2,700 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በስምንት ወር ገደማ ቀደደ። ከ10 ሺህ በላይ ከነበሩት ወታደሮች ሲሦ ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ሠራዊቱ ያን ጊዜ በዘር የተከፋፈለ ነበር። ጥሩው ማሽን ለነጮቹ ይሰጣል፤ ለእነሱ አካፋና መጥረቢያ ይበዛል። ብዙዎቹ ከደቡብ የመጡ፣ በረዶ አይተው የማያውቁ ልጆች ነበሩ። በድንኳን እያደሩ ያን ብርድ ቻሉት። በጥቅምት 1942 ቢቨር ክሪክ አጠገብ ከሁለት በኩል የመጡት ቡድኖች ሲገናኙ፣ በአንዱ ቡልዶዘር ላይ የነበረው ሬፋይንስ ሲምስ የሚባል ጥቁር ኮርፖራል ነው። በሌላኛው አልፍሬድ ጃሉፍካ የሚባል ነጭ ወታደር። እጅ ለእጅ ሲጨባበጡ የተነሡት ፎቶ አለ። ብዙ ዘመን ታሪኩ ሲነገር የጥቁሮቹ ነገር ሳይነሣ ነበር የሚታለፈው። እኔ እንጀራዬን የማገኘው በእነዚያ ልጆች መንገድ ላይ ነው። ክሉዋኒ ሐይቅ ዳር ሶልጀርስ ሰሚት የሚባል ቦታ አለ፤ መንገዱ በኅዳር 1942 የተመረቀው እዚያ ነው። አጭር የእግር መንገድ ናት። ውረዱና ሂዱባት።

መንገዱ ለአገሬው ሰው ግን በረከት ብቻ አልነበረም። በሽታ ይዞ ገባ፤ በኩፍኝና በሌላ ወረርሽኝ ብዙ ሰው አለቀ። በ1943 ደግሞ የክሉዋኒ ምድር የዱር እንስሳት መጠበቂያ ተባለና፣ ከጥንት ጀምሮ እዚያ ሲያድኑ የኖሩት ደቡብ ተቾኒዎች በገዛ አገራቸው ማደን ተከለከሉ። ይህን ስሰማ የሰሜን ተራሮች ትዝ ይሉኛል። የግጭ መንደር ሰዎችም በ2016 ለፓርኩ ሲባል ተነስተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ዋልያው መኖር አለበት፤ ገበሬውም እንዲሁ። ዩኮኖች ጉዳዩን ዝም ብለው አልተዉትም። በ1973 ኤላይጃ ስሚዝ የሚባሉ መሪ ሌሎች አለቆችን ይዘው ኦታዋ ድረስ ሄደው፣ የመሬት ጥያቄያቸውን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ በጽሑፍ ሰጡ። ሃያ ዓመት ፈጀ እንጂ መልስ አገኙ። ዛሬ ከ14ቱ ነባር ሕዝቦች 11ዱ የራሳቸው መንግሥት አላቸው። ፓርኩንም የአካባቢው ባለቤቶች ከካናዳ መንግሥት ጋር ሆነው ነው የሚያስተዳድሩት። ሄይንስ ጀንክሽን ላይ ዳ ኩ የሚባል የባህል ማዕከላቸው አለ። ወደ ተራራው ከመውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ እዚያ ግቡ።

የክሉዋኒ ተራሮች ነገር በወረቀት አይገለጽም። ሎጋን ተራራ 5,959 ሜትር ነው፣ ከራስ ዳሸን በ1,400 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ከመንገድ ላይ ግን አይታይም ማለት ይቻላል፤ የፊተኞቹ ተራሮች ይጋርዱታል። ከኋላቸው ያለው የበረዶ ባሕር ከዋልታዎቹ ውጭ ካሉት ሁሉ የሰፋ ነው። እሱን ለማየት በትንሽ አውሮፕላን መብረር አለባችሁ። ውድ ነው። ሆኖም ከጉዟችሁ አንድ ነገር ላይ ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ እዚህ ላይ አውጡ፤ የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።

በረራው ባይሳካ እንኳ በክሉዋኒ ሐይቅ ደቡብ ጫፍ፣ ሺፕ ማውንቴን ሥር ቁሙ። በዚያ ሰሞን ነጫጮቹ የዳል በጎች ወደ ተራራው መመለስ ይጀምራሉ። ባይኖኩላር ያዙ፤ ያለዚያ የበረዶ ቁራጭና በግ አይለይም። ከፊታችሁ የምታዩት ሰፊ አቧራማ ሜዳ ስሊምስ የሚባለው ወንዝ መውረጃ ነው። እኔ ይህን መንገድ ስጀምር ውኃው ሞልቶ እየተገማሸረ ወደ ሐይቁ ይገባ ነበር። በግንቦት 2016 በጥቂት ቀናት ውስጥ ደረቀ። ወንዙን የሚመግበው ካስካዉልሽ የሚባለው ግግር በረዶ በሙቀቱ እየሸሸ ሲሄድ፣ የቀለጠው ውኃ በሌላ በኩል ቀዳዳ አገኘና አቅጣጫውን ቀየረ። ድሮ በዩኮን ወንዝ በኩል ወደ ቤሪንግ ባሕር ይሄድ የነበረው ውኃ አሁን ወደ ደቡብ ወርዶ ፓስፊክ ይገባል። ሐይቁም ዝቅ ብሏል። ነፋስ በተነሣ ቁጥር የወንዙ ደለል እንደ ጭስ ይነሣል። መኪናዬ ላይ የሚያርፈው አቧራ ዱቄት የመሰለ፣ ግራጫ፣ በጣም የላመ ነው፤ በጨርቅ ስትጠርጊው ቀለሙን ይጭራል። የአየር ንብረት ለውጥ ሲባል በዜና እንሰማለን። እዚያ ግን ቆመሽ ታዪዋለሽ።

ካርክሮስ ጋ ያለችው ትንሽ በረሃና ኤመራልድ ሐይቅ ግማሽ ቀን ካላችሁ ደህና ናቸው። ሐይቁ አረንጓዴ የሆነው ሥሩ ላይ በተኛው ነጭ የኖራ ደለል ነው። ዋትሰን ሌክ ያለው የታፔላ ጫካም ዝነኛ ነው፤ በ1942 አንድ አገሩ የናፈቀው ወታደር የከተማውን ስም ጽፎ ተከለ፣ ሌላው ተከተለው፣ ዛሬ በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። ግን ከዋይትሆርስ 440 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ነው። ለእሱ ብላችሁ ቀን አታባክኑ።

ቀናችሁን ለዳውሰን አቆዩት። ከዋይትሆርስ ወደ ሰሜን ስድስት ሰዓት ገደማ ይነዳል። መንገዱ ባልተነጠፈባት፣ የእግረኛው መሄጃ በሳንቃ በተሠራባት ከተማ ውስጥ፣ ከሥር ያለው በረዶ ሲቀልጥ ተጋድመው እርስ በርስ የተደጋገፉ የድሮ ቤቶች ታያላችሁ። ወርቁ የተገኘው በነሐሴ 1896 ነው፣ አድዋ ድል በሆነበት ዓመት። ካገኙት መካከል ኪሽ፣ ወይም ስኩከም ጂም፣ የሚባል የአገሬው ሰው ነበረበት። ወሬው ሲወጣ 100 ሺህ ያህል ሰው ከያለበት ተነሣ። ፖሊሶች ለአንድ ዓመት የሚሆን ስንቅ ያልያዘ ሰው ድንበሩን እንዳይሻገር አገዱ። አንድ ቶን ያህል ዕቃ ማለት ነው። ሰዉ በቺልኩት በረዷማ አቀበት ላይ እየተመላለሰ በጀርባው ተሸከመው። ከደረሱት ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቦናንዛ ወንዝ ላይ ጎብኚ በነፃ ወርቅ የሚያጥብበት ቦታ አለ። ሞክሩት፤ ጥሩ ጨዋታ ነው።

ከሁሉ በላይ እንድትሰሚው የምፈልገው የአለቃ አይዛክን ታሪክ ነው። የዳውሰን አካባቢ ነባር ሕዝብ የሆነው የትሮንደክ ሕዝብ መሪ ነበሩ። የወርቅ ፈላጊው ጎርፍ ሕዝባቸውን ከዓሣ ማጥመጃው ሲያፈናቅለው፣ ወንዙን ወርደው ሙስሃይድ ወደሚባል መንደር ወሰዱት። ከዚያ በዚህ ሁሉ ግርግር ዘፈኑና ውዝዋዜው እንዳይጠፋ ፈሩ። አላስካ ላሉት ዘመዶቻቸው በአደራ ሰጧቸው። አስቢው፤ ወርቅ ሳይሆን ዘፈን አደራ ተሰጠ። ዘመዶቹም ጠበቁት። ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ልጆቹ ሄደው ተማሩትና መለሱት፤ ዛሬ በየሁለት ዓመቱ በሐምሌ ሙስሃይድ ላይ ተሰብስበው ይዘፍኑታል። ዳኖጃ ዦ በሚባለው ማዕከላቸው ይህን ሁሉ ያስረዷችኋል። በ2023 ዩኔስኮ ይህን አካባቢ ትሮንደክ ክሎንዳይክ በሚል ስም በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የባሌ ተራሮችና የጌዴኦ መልክዓ ምድርም የተመዘገቡት በዚያው ጉባኤ ነው።

ቶምብስቶን ለመሄድ የዴምፕስተርን መንገድ ትይዛላችሁ። 740 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች ነው፣ እስከ ኢኑቪክ ይደርሳል። ሥሩ ዘላለማዊ በረዶ ስለሆነ እንዳይቀልጥ በወፍራም የጠጠር ንጣፍ ላይ ነው የተሠራው። የጎብኚዎቹ ማዕከል 71ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ እዚያ ድረስ በዝግታ ይነዳል። የአርክቲክን ክበብ እንሻገር ካላችሁ ግን ስሙኝ። ከመነሻው እስከ ኢግል ፕሌንስ 369 ኪሎ ሜትር ነዳጅ የለም፣ ጎሚስታ የለም፣ ኔትወርክ የለም። ሁለት ስኮርታ ጎማ፣ አንድ ጀሪካን ቤንዚን፣ ብርድ ልብስና ውኃ ያዙ። መኪና ስትከራዩ በዚያ መንገድ መንዳት ይፈቀድ እንደሆነ ውሉን አንብቡ። ትራክ ከፊት ሲመጣ ፍጥነት ቀንሱና ቀኛችሁን ያዙ፣ ድንጋይ ይረጫል።

ስለ ድብም አደራ። የድብ ስፕሬይ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ዋይትሆርስ ስትደርሱ ግዙ። ወገብ ላይ ይታሰራል እንጂ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥም። ስትሄዱ እያወራችሁ ሂዱ። ምግብም ሆነ የጥርስ ሳሙና ድንኳን ውስጥ አታሳድሩ።

እናትሽ ወፍራም ካልሲና በሶ ልካለች፣ በዚህ ሳምንት ይደርስሻል። የመኪናውን ውል ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን። ዴምፕስተር ከመግባታችሁ በፊት ከዳውሰን ደውዪ፤ ኢግል ፕሌንስ ስትደርሱም ከሆቴሉ ደውዪልኝ።

አባትሽ