የማሽላ አረማሞ የሚታከመው ከመዝራት በፊት ነው

ይድረስ ለክቡር አዘጋጁ፦

በቅርቡ ስለ ማሽላ በሽታዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ ዛላው ጠቁሮ ሲታይ ፀረ ፈንገስ መርጨት እንደሚበጅ የሚመክር አንቀጽ አንብቤ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ። ገበሬው ምክሩን አምኖ ለመርጫ ገንዘብ ቢያወጣ፣ ገንዘቡንም ምርቱንም ያጣል።

ፍሬውን የሚያጠቃው አረማሞ የተባለው የፈንገስ በሽታ ወደ ማሳ የሚገባው ከዘሩ ጋር ነው። በዘሩ ላይ የተለጠፈው የፈንገሱ ብናኝ ዘሩ ሲበቅል አብሮ ነቅቶ፣ ገና ከአፈር ያልወጣውን ቡቃያ ዘልቆ ይገባል፤ ከዚያም ከአገዳው ጋር እያደገ፣ ዓይን የሚይዘው ምልክት ሳያሳይ፣ ዛላው እስኪወጣ ድረስ ተደብቆ ይቆያል። ያን ጊዜ በፍሬው ፈንታ ግራጫ ሽፋን ያለው፣ በጣት ሲጫኑት ጥላሸት የመሰለ ዱቄት የሚበተንበት ከረጢት ይገኛል። በልጅነቴ በአባቴ አውድማ ላይ የታመመው ዛላ ከጤነኛው ጋር ሲወቃ፣ የበሬዎቹ ኮቴ ሳይቀር ሲጠቁር አይቻለሁ፤ ለከርሞ ዘር የምናስቀምጠውም ከዚያው ክምር ነበር። በሽታውን በገዛ እጃችን ስንዘራው እንደኖርን የገባኝ ግብርና ከተማርኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ መታከም ያለበት ዘሩ ነው። ዘሩን እንደ ታይራም ባለ ፀረ ፈንገስ ለውሶ መዝራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም (የተለወሰው ዘር ግን ለሰውም ለከብትም ምግብ ፈጽሞ መዋል የለበትም)። መድኃኒቱን ለማያገኝ ደግሞ፣ ዘሩን በውኃ በቀጠነ የላም ሽንት መዘፍዘፍ በአገራችን ገበሬዎች ዘንድ የቆየ ዘዴ ነው፤ ተመራማሪዎችም ፈትነውት በሽታውን እንደሚቀንስ አረጋግጠዋል። የዘር ማሽላ ከአውድማ ክምር ከሚዘገን ይልቅ፣ ገና በማሳ ላይ ሳለ ከጤነኛ ዛላ ተመርጦ ለብቻው ቢወቃ ደግሞ እጅግ የተሻለ ነው።

ምክሩ ለሁሉም እህል አንድ አለመሆኑም ቢገለጽ መልካም ነበር። ዛላውን በሙሉ ወደ ጥቁር ብናኝ የሚለውጠው የገብስና የስንዴ አረማሞ በአበባ ጊዜ በነፋስ መጥቶ በዘሩ ውስጥ ስለሚያድር፣ ከቅርፊቱ ላይ የሚቀር መድኃኒት አይደርስበትም፤ ወደ ውስጥ የሚሰርግ መድኃኒት ወይም ከንጹሕ ማሳ የተሰበሰበ ዘር ያስፈልገዋል። በበቆሎ ላይ እብጠት የሚያወጣው ደግሞ በነፋስና በአፈር ስለሚዛመት ዘሩን ማከም እምብዛም አይፈይድም፤ እብጠቱን ሳይፈነዳ ቆርጦ ከማሳው ማራቅ ይሻላል።

በብዙ ቆላማ ወረዳዎች ዘግይቶ የሚደርሰው ማሽላ የሚዘራው በሚያዝያ በመሆኑ፣ ማስተካከያውን ከዚያ ቀደም ብላችሁ እንድታወጡልን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በጡረታ ላይ የሚገኝ የግብርና ባለሙያ
ከወሎ