ዘይነባ ሆይ፣ የየጎፍን ነገር አባባን ጠይቂልኝ

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር

ይድረስ ለምወድሽ እኅቴ ለዘይነባ፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ አደጉ? አባባ ይመርስ እንዴት ናቸው? የአዳማው ሙቀት ጉልበታቸውን እንዳይጎዳው እያልኩ አስባለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነን። ማሽላው ታጭዶ አውድማ ገብቷል፤ እናቴም በምርኩዝ ቢሆንም ደጅ ወጥታ ፀሐይ ትሞቃለች።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ቤተሰብሽን ይዘሽ መውጣትሽን ሰምቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ የነበረኝ ስልክ አልሠራ አለኝ፤ የሚያውቅሽንም ሰው አጣሁ። ባለፈው ሳምንት የአክስትሽ ልጅ ገበያ ላይ አግኝታኝ አድራሻሽን ስትሰጠኝ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ብዙ የምነግርሽ ወሬ አለ፤ የማን ልጅ ተዳረ፣ ማን አረፈ፣ የእናንተ ቤት ጣሪያ እንዴት ሆነ። እሱን ሁሉ በሚቀጥለው ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። ዛሬ አንድ ጉዳይ ይዣለሁ፤ ጉዳዩም የአባትሽ ነው።

የመንደራችን ሽማግሌዎችና ወጣቶች የየጎፍ ተራራን ደን የታችኛውን ጎን ከከብት ለመከለል እየመከሩ ነው። እኔም ሥነ ሕይወት ስለማስተምር ጠርተውኝ እሳተፋለሁ። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል፦ የድሮው ወይራ እስከ የት ነበር? አንዱ እስከ ምንጩ ነበር ይላል፣ ሌላው ከምንጩ በላይ እንጂ በታች የእርሻ መሬት ነበር ይላል። በመጨረሻ ሁሉም “ይመር ቢኖር ይነግረን ነበር” ብሎ ዝም ይላል። በንጉሡም በደርግም ዘመን ያንን ተራራ በእግራቸው ሲዞሩ የኖሩ ሰው ከእሳቸው በቀር አልቀሩም።

ተራራውን አሁን ብታይው ምን እንደምትዪ እንጃ። ከሩቅ አረንጓዴ ነው። ከሐረጎ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ ዞር ብሎ አይቶ “ደኑ እንዴት ያምራል” ሊል ይችላል። ቀረብ ስትዪ ግን አብዛኛው በተርታ የተተከለ የፈረንጅ ጽድና ባሕር ዛፍ ነው። ሥሩ ባዶ ነው፤ ሣሩ ሳስቷል፣ ወፉም ጥቂት ነው። የእኛ ደን ያለው ጎርፍ በሸረሸራቸው ሸለቆዎችና ሰው በቀላሉ በማይደርስባቸው ገደሎች ዳር ነው። እዚያ ወይራው ከጽዱ ጋር ተቃቅፎ ይገኛል፤ ግንዱ ተጣምሞ፣ ቅጠሉ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከሥሩ ነጣ ያለ። አልፎ አልፎ ዝግባ፣ ከፍ ሲል ኮሶና አስታ አለ። ተራራው ወደ 3,000 ሜትር ስለሚጠጋ ከኮምቦልቻ ሙቀት ተነስተሽ ጋቢ ወደሚያስፈልግበት ብርድ በአንድ ጠዋት ትደርሻለሽ፤ ዛፉም በየደረጃው ይለዋወጣል።

ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የምነግራቸው፣ ለአንቺም ልነግርሽ የፈለግሁት አንድ ነገር አለ። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በአገራችን ደጋ ደኖች አፈር ውስጥ ተቀብሮ ስለሚቆይ ዘር አጥንተዋል። አፈሩ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የሣርና የቅጠላ ቅጠል ዘር ነው። የዋና ዋናዎቹ ዛፎች ዘር ግን እዚያ ተከማችቶ ዓመታትን አይጠብቅም። ይህ ማለት እናት ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ መሬቱን ብንከልለው እንኳ ደኑ ከራሱ አፈር አይነሳም። ዘሩን የሚያመጣ ወፍ፣ ለወፉም ፍሬ የሚሰጥ በአቅራቢያ የቆመ ዛፍ ያስፈልጋል። የወይራን ፍሬ ወፍ ይበላና ዘሩን ቁጥቋጦ ላይ አርፎ ይጥለዋል። የበቀለው ችግኝ በክትክታው፣ በአጋሙና በደደሆው ውስጥ ተሸሽጎ ከፀሐይና ከፍየል ያመልጣል። በትግራይ የተደረጉ ጥናቶችም ወይራ ቁጥቋጦ ሥር እንደሚያድግ አሳይተዋል። እኛ ግን “ደን እናልማ” ሲባል መጀመሪያ የምንመነጥረው ያንኑ ቁጥቋጦ ነው! ይህን በስብሰባው ላይ ስናገር አንዳንዶቹ ቅር አላቸው፤ ክትክታ ለእነሱ ማገዶ ወይም አረም ነው። እኔ ግን ወፍ ዘራሽ ወይራ በእሾህ መካከል አንገቱን ሲያወጣ ካየሁ ወዲህ ችግኝ ጣቢያ ከሚያድለው ሁሉ እሱን አስበልጣለሁ።

ሌላም የሚያናድደኝ ነገር አለ። “ከመቶ ዓመት በፊት የኢትዮጵያ 40 በመቶ ደን ነበር” የሚለውን አባባል ሁሉም ይደግመዋል፤ ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ዶናልድ ክረሚ የተባለው የታሪክ ሊቅ ጣልያኖች በ1930ዎቹ (በፈረንጅ አቆጣጠር) በወሎ ያነሷቸውን ፎቶግራፎች ይዞ፣ ስልሳ ዓመት ያህል ቆይቶ እነዚያኑ ቦታዎች አየ። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፉ በዝቶ እንጂ ቀንሶ አላገኘውም፤ ገበሬው በየደጁ ባሕር ዛፍ ተክሏል። ስለዚህ ገበሬውን ዛፍ አጥፊ ብሎ መዝለፍ ግፍ ነው። ነገር ግን የባሕር ዛፉ ብዛት የወይራውን መጥፋት አይክሰውም። ሁለቱን አንድ ላይ መቁጠር ነው ያሳሳተን።

አሁን ወደ እኛ ቤት ልመለስ። እናቴ ከየጎፍ እንጨት ለቅማ ኮምቦልቻ ወርዳ ትሸጥ እንደነበር ታውቂያለሽ። አባትሽ ደግሞ የደን ጠባቂ ነበሩ። አንድ ቀን ገመዷንና ማጭዷን ቀምተዋት ስትገባ ምን ያህል እንደተናደደች፣ እኔም “ከዛሬ ጀምሮ ከዘይነባ ጋር አትታዪ” እንደተባልኩ አስታውሳለሁ። አንቺ ደግሞ በማግሥቱ ገመዱን በነጠላሽ ሸፍነሽ አምጥተሽ ለእናቴ ሰጠሻት። እናቴ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳዋለች። ዛሬ ሁለቱንም አስባቸዋለሁ። አባባ ይመር ባይከለክሉ ኖሮ ያ የሸለቆው ወይራ ዛሬ ባልኖረ ነበር። እናቴም እንጨቱን ባትሸጥ እኔና ወንድሜ ትምህርት ቤት ባልገባን ነበር። ደኑ ለመንደሩ ምንም ሳይሰጥ መንደሩ ዘብ ብቻ እንዲሆንለት ሲጠየቅ ኖሯል። እኔ ስብሰባው ላይ የምሟገተው ለዚህ ነው፦ የሚከለለው መሬት ሣሩ ለእጨዳ ለመንደሩ ሰው ይሁን፣ ማሩም የእነሱ ይሁን፣ የደረቀ ጭራሮ የሚለቀምበት ቀን ይለይ። ይህ ካልሆነ አጥሩ በሌሊት ይፈርሳል።

ለነገሩ ይህንን በዓይናችን አይተናል። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ጠባቂው ያለ ደመወዝ፣ ደኑ ያለ ባለቤት ቀረ። ያን ክረምት ከተራራው የመጥረቢያ ድምፅ ቀን ከሌት አይቋረጥም ነበር። ሰው የመንግሥት ብሎ የፈራውን ሁሉ የማንም አይደለም ብሎ ቆረጠው። አባትሽ ግን ያኔም ወደ ሸለቆው መውጣት አልተዉም። ምን ብለው፣ ማንን ይዘው ያንን ቦታ እንዳስተረፉ እስከ አሁን አላውቅም። ምናልባት ወዳጃ፣ ማለትም የጋራ ጸሎት፣ የሚደረግበት ዛፍ እዚያ ስለነበረ ሰው ፈርቶ ይሆን? ይህን ከአንደበታቸው መስማት እፈልጋለሁ።

ስለዚህ እቴ ዘይነባ፣ ቡና አፍልተሽ አጠገባቸው ተቀመጪና ጠይቂልኝ። የሚሉትን በስልክሽ ብትቀርጪው ከሁሉም ይበልጣል። በመጀመሪያ የወይራው ወሰን በየትኛው ድንጋይና በየትኛው ወንዝ በኩል ያልፍ እንደነበር ይንገሩን። ከዚያ ወደ ቦርከና የሚወርዱትን ምንጮች በየስማቸው ይጥሩልን፤ የትኞቹ ዓመቱን ሙሉ ይፈስሱ ነበር? አሁን በጋ ላይ የሚደርቁ አሉ፤ መድረቁ መቼ እንደ ጀመረ ማወቅ አለብን። ጥቁር እንጨት የሚባለውን ዛፍ አይተው ያውቁ እንደሆነም ጠይቂያቸው፤ እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። የ1983ቱንም ነገር ካልደከማቸው ያውሩሽ። ካላስታወሱ አታስጨንቂያቸው። የእናቴን ስም ብትጠሪላቸው ግን እንደሚስቁና ብዙ ነገር ትዝ እንደሚላቸው እገምታለሁ። እሷም “ገመዴን ይመልሱልኝ በይልኝ” ብላለች፤ ቂም የለባትም፤ ሰላምታዋ ይህ ነው።

አጥሩ የሚታጠረው በልግ ሳይጥል ነው፤ መልስሽ ከጥር በፊት ቢደርሰኝ ሽማግሌዎቹ በአባባ ቃል ወሰኑን ያሰምራሉ። ልጆቹን ሳሚልኝ። የአባባንም ጉልበት ሳሚልኝ።

ያንቺው እኅት
አበባ