ባጃጄ አልጠፋችም፣ ተቀማሁ

ለአማራ ክልል ፍትሕ ቢሮ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከምሥራቅ ጎጃም ነው። ሥራዬ ባጃጅ መንዳት ነው፤ ነበር ልበል እንጂ።

አንድ ምሽት ሁለት ልጆች ኮንትራት ያዙኝ። ከከተማ ወጣ እንዳልን አንደኛው «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ ያዝልን» አለኝ። ፍሬን ስይዝ ከኋላዬ ገመድ አንገቴ ውስጥ ገባ። ጀሪካን የምናስርበት ዓይነት፣ ቀጭን የላስቲክ ገመድ። ባጃጅ የነዳ ያውቀዋል፤ ተሳፋሪው ከጀርባህ ነው፣ ሁለት እጅህ መሪው ላይ ነው። ስነቃ ቦይ ውስጥ ተጋድሜያለሁ። የቀሰቀሰኝ የጮቄ ብርድ ሳይሆን አይቀርም።

ጣቢያ ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። መርማሪው «ባጃጅ የጠፋበት» ብሎ መጻፍ ጀመረ። «ኧረ ጌታው፣ አልጠፋችም! አንቀው ነው የወሰዱብኝ» አልኩት። «ውንብድናማ መሣሪያ ሲኖር ነው» አለና ስርቆት ብሎ መዘገበው። ብዙም አልፈርድበትም። እኛም ወንበዴ ሲባል ትዝ የሚለን ጠመንጃ አንግቶ ዓባይ በረሃ የሚያደባ ሰው ነው።

ሕጉ ግን እንዲያ አይልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 670 ውንብድና የሚለው ለመስረቅ ሲባል ኃይል መጠቀምን፣ በብርቱ ማስፈራራትን ወይም ሰው እንዳይከላከል ማድረግን ነው። ገመድም ይበቃል። መሣሪያ ከታከለበት ደግሞ አንቀጽ 671 አለ፤ ከባድ ውንብድና። የተራ ስርቆት ቅጣት ቢበዛ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። ከባድ ውንብድና ግን የሚጀምረው ከ5 ዓመት ነው።

ክስ የሚመሠርተው ዐቃቤ ሕግ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እሱም የሚያየው የቀረበለትን መዝገብ ነው። መዝገቤ ውስጥ ገመድ የሚል ቃል የለም። የሕክምና ወረቀት ያገኘሁትም በአራተኛው ቀን ነው፤ እስከዚያ የአንገቴ ሰንበር ደብዝዟል።

እባካችሁ፣ ተቀማሁ ብሎ የመጣ ሰው እንዴት እንደተቀማ ይጠየቅ። በዚያው ሌሊት ሐኪም ይየው። ገዢውም አይዘንጋ። ባጃጅ ተፈታታ በየመለዋወጫው ትሸጣለች፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛ በአንቀጽ 682 ይጠየቃል። የእኔን ሻንሲ ቁጥር ይዞ ጋራዥ የዞረ ሰው ግን የለም። የዞርኩት እኔ ነኝ።

መዝገቡ እንደገና እንዲታይልኝ ከሊብሬው ኮፒ ጋር ማመልከቻ አስገብቻለሁ። መልሳችሁን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የባጃጅ ሹፌር