ለጀማሪ ተኳሽ የጠመንጃ መነጽር አትግዙለት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ አባት ለ16 ዓመት ልጃቸው የዒላማ ተኩስ መማሪያ ጠመንጃ ሊገዙ እንደሆነ ጽፈው ነበር። ዒላማውን የሚያጎላ መነጽር የተገጠመለት ይሻላል ወይስ በትንሽ መስታወት ውስጥ ቀይ ነጥብ የሚያሳየው? ብለው ጠይቀዋል። እኔ ሁለቱንም ለጊዜው ይተዉት እላለሁ። ልጁ መጀመሪያ በተራው ማነጣጠሪያ ይማር። እኔ ተኩስ ሁለት ጊዜ ተምሬአለሁ፣ በመጀመሪያው ጊዜ ግን ምንም አልገባኝም።

የመጀመሪያው በ1980 ዓ.ም. ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስደን ክላሽ ተሰጠን። ክላሽ የያዘ ሰው ያውቀዋል፣ ከፊት ቀጭን ዘንግ አለች፣ ከኋላ ደግሞ ጎድጎድ ያለች ክፍተት። አሠልጣኛችን "ዘንጓን ከክፍተቷ አስገባ፣ ዒላማህን እይ፣ ሳብ!" ይለን ነበር። እኔም ዒላማዬን አየሁ። አፍጥጬ አየሁት፣ የካርቶኑን ጠርዝ ሁሉ እስክሸመድደው ድረስ። አንዱም ጥይት አላገኘውም። በደረቴ አስዳሁኝ፣ ዓይንህ ታሟል አሉኝ። ከ30 ዓመት በላይ ዓይኔ ነው ብዬ ኖርኩ።

ሁለተኛው እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ነው። ልጄ 14 ዓመት ሲሞላት የትምህርት ቤቷ የዒላማ ተኩስ ቡድን ገባች። ደነገጥኩ፣ አልዋሽም። የመጀመሪያ ቀን ኋላ ተቀምጬ ላያት ሄድኩ። አሠልጣኟ ጠመንጃ እንኳ ሳትነካ ጣቷን ከፊቷ እንድታቆም አደረጓት። "ጣትሽን ስታዪ ግድግዳው ምን ይሆናል?" አሏት። "ይደበዝዛል" አለች። "ግድግዳውን ስታዪስ?" "ጣቴ ይደበዝዛል።" "እንግዲህ ዓይን ቅርቡንም ሩቁንም በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። አንዱን ምረጪ ከተባልሽ የፊት ማነጣጠሪያሽን ምረጪ። ዒላማው ይደብዝዝ፣ ችግር የለውም።" ወንበሬ ላይ ሆኜ እንባዬ መጣ። ያን ሁሉ ዘመን ዓይኔ ደህና ነበር፣ የት እንደማይ ነው ያልነገሩኝ።

ለምን የፊቱ ብትሉ ሒሳቡ ቀላል ነው። ክላሽ ላይ ከኋላ ማነጣጠሪያ እስከ ፊት ማነጣጠሪያ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዘንጓ ከክፍተቷ መሐል 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ከተዛነፈች፣ ጥይቱ 100 ሜትር ሲደርስ 26 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይስታል። ሁለቱ እንደተስተካከሉ ጠመንጃው እንዳለ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት ግን ጥይቱ የሚስተው ያችኑ 1 ሚሊ ሜትር ነው። ጀማሪ ሁሉ ዒላማው ላይ የሚያፈጠው ስህተቱ እዚያ የሚፈጠር ስለሚመስለው ነው፤ ስህተቱ የሚፈጠረው ግን እዚህ፣ አፍንጫው ሥር ነው።

የልጄ ጠመንጃ በአየር ግፊት የሚሠራ ነው፣ ከምስር ብዙም የማትበልጥ 4.5 ሚሊ ሜትር የእርሳስ ፍሬ የሚተኩስ። የኋላው ማነጣጠሪያ ክፍተት ሳይሆን ትንሽ ቀዳዳ ነው። ዓይን በቀዳዳ ሲያይ ራሱ መሐሉን ይፈልጋል፣ ማንም ሳያስተምረው። ደግሞ በጠባብ ቀዳዳ ሲታይ ቅርቡም ሩቁም ጠራ ይላል፤ የዓይን መነጽር የሚያደርግ ሰው መነጽሩን አውልቆ በጣቶቹ ቀዳዳ ሠርቶ ቢያይ ይገባዋል። ከፊት ደግሞ ቀለበት አለ። ጥቁሩ ዒላማ ቀለበቱ ውስጥ ይገባና ዙሪያውን ነጭ መስመር ይቀራል። ነጩ በሁሉም በኩል እኩል ከሆነ አልቋል፣ ትንፋሽ ወጣ ሲል ያዝ አድርጎ ቃታውን ቀስ እያሉ መጫን ነው። ሌላውን ዓይን መጨፈን አያስፈልግም፣ ፊት ይደክማል። ልጄ ከዚያ ዓይኗ ፊት ብርሃን የሚያሳልፍ ወረቀት ትለጥፋለች፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ክፍት ናቸው።

አሁን ወደ ጠመንጃው መነጽር ልምጣ። መነጽር ዒላማውን ያቀርባል፣ እውነት ነው። ግን የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል። ጀማሪው መነጽሩ ውስጥ ያለው መስቀለኛ መስመር ሲዋልል ያያል፣ ይጨንቀዋል፣ ልክ መሐሉን ሲያልፍ ቃታውን ይነጥቃል። ይህ ንጥቂያ አንዴ ከለመደ ለመተው ወራት ይፈጃል። ሲተኮስ ወደ ኋላ ጠንከር አድርጎ በሚመታ ጠመንጃ ላይ ደግሞ ዓይኑን አስጠግቶ ቅንድቡን የሚተረተር ብዙ ነው። ቀይ ነጥቡስ? ፈጣን ነው፣ ለመልመድም ቀላል ነው። ግን ቀላልነቱ ነው የሚያሳስበኝ፤ አቋቋሙ፣ ጉንጩ ሰደፉ ላይ የሚያርፍበት ቦታ፣ ትከሻው ቢበላሹም ነጥቡ ስለሚታየው ልጁ ያወቀ ይመስለዋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛነፍ) ላለበት ዓይን ደግሞ ነጥቡ እንደ ኮከብ ተበትኖ ነው የሚታየው። እንደ እኔ ዕድሜው የገፋ፣ የፊቷን ዘንግ ጨርሶ የማያያት ሰው ከሆነ መነጽር ይግጠም፣ አልቃወምም። ለ16 ዓመት ልጅ ግን ምን አስቸኮለን?

እስቲ ይህን ያስቡት። በኦሊምፒክ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ተኩስ ማጉያ መነጽር አይፈቀድም። ዒላማው ላይ 10 ነጥብ የሚያሰጠው ስፋቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ነቁጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ቶኪዮ ላይ አሜሪካዊው ተኳሽ ዊል ሻነር ወርቅ ያገኘው በቀዳዳና በቀለበት ነው። ሻነር እኮ የዚሁ የኮሎራዶ ልጅ ነው፣ የመጣበት ከተማ ስም ራሱ ራይፍል ነው፣ ጠመንጃ ማለት።

ማኅበራችን ውስጥ "ሴት ልጅን ጠመንጃ ታስይዛለህ?" ያሉኝ አሉ። አዎ አስይዛለሁ። እዚህ አገር በኮሌጅ የጠመንጃ ውድድር ሴትና ወንድ አንድ ላይ ነው የሚወዳደሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ብቻቸውን ሆነው የአገሪቱን የኮሌጆች ዋንጫ ወስደዋል። ልጄ ከትምህርት ቤቷ ቡድን ያገኘችው እርጋታና ጥንቃቄ ነው። አፈሙዙን ወደ ሰው አለማዞር፣ እስክትተኩስ ጣትን ከቃታው ማራቅ፣ ጠመንጃው ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ደማቅ ክር አፈሙዙን አልፎ እንዲወጣ ማድረግ፣ ከተኩስ በኋላ እርሳሱን ለማስለቀቅ እጅን በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና መታጠብ። እነዚህን ከመጸለይ እኩል አድርጋ ይዛቸዋለች። እኔ በ18 ዓመቴ አንዱንም አልተነገረኝም ነበር።

ጠመንጃ ቤት የምታስገቡ ወላጆች ግን ቆልፉት። ኮሎራዶ ውስጥ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቤት መቆለፍ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሕግ ግዴታ ነው። ሕግ ባይኖርም ቆልፉት፣ ጥይቱን ለብቻው ሌላ ቦታ አድርጉት። እባካችሁ።

ለጠያቂው አባት የምጨምረው ይኸው ነው፤ መነጽሩን ከገዙት ይመልሱት፣ ደረሰኙ ካለ ይቀበሉዎት ይሆናል። በገንዘቡ ጥሩ የጆሮ መከላከያ፣ የዓይን መከላከያና ብዙ ጥይት ይግዙለት። ከዚያ አብረውት ይሂዱና መጀመሪያ ጣቱን ከፊቱ እንዲያቆም ይንገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አባት፣ ከኦሮራ ኮሎራዶ