ጋሼ፣ ፒንሳዋን ያቀብሉኝ

ጎንደር፣ ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆች ደኅና ናቸው? እማማስ ጉልበታቸውን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ለምን ጠፋህ እንዳትለኝ፤ አንተም ጠፍተሃል። ዜሮ ለዜሮ ነን።

ደውዬ ብነግርህ ትስቃለህ፣ እኔም እስቃለሁ፣ ዋናውን ሳናነሳ ስልኩ ይዘጋል። ለዚህ ነው የምጽፍልህ። አስጎብኚነቱን ልተወው ነው። ወይም ልተወው እያሰብኩ ነው። ባለቤቴ ሁለቱ በጣም ይለያያሉ ትላለች።

ጥምቀት በዩኔስኮ የተመዘገበው ታኅሣሥ 2012 አልነበር? ያን ሰሞን ፒያሳ ላይ ቡና ያልጋበዝኩት ሰው አልነበረም። አሁን ገና አለፈልን ብለን ነበር። ሦስት ወር ቆይቶ፣ መጋቢት ላይ፣ ኮሮና ገባ። እሱ ሳይለቀን ጥቅምት 2013 ጦርነቱ መጣ። በረደ ስንል ደግሞ የሐምሌ 2015ቱ። ከዚያ ወዲህ ያለውን በዜና ትሰማለህ፣ አልደግምልህም። ለጥምቀት አሁንም ሰው ይመጣል፤ ግን ያገራችን ሰው ነው። ደስ ይለኛል፤ ብቻ አስጎብኚ አይቀጥርም። ግንቡን ከእኔ በላይ አውቃለሁ ባይ ነው።

«ትንሽ ታገስ፣ ፈረንጆቹ ይመለሳሉ» የሚሉኝ አሉ። ይመለሱ ይሆናል። የቤት ኪራይ ግን አይታገስም።

44 ዓመት ሞላኝ። እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ሒሳብ አለ። ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል፤ መውጫው 60 ዓመት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በተራና በጉርሻ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከደመወዜ 7 በመቶ ተቆርጦ አያውቅም፣ 11 በመቶ የሚጨምርልኝ አሠሪም አልነበረኝም። 50 ሳይሞላኝ የሆነ ቦታ ካልተቀጠርኩ፣ ስሸመግል የልጆቼን እጅ ማየቴ ነው። እናቴን የምጦራት እኔ ስለሆንኩ፣ ይህ ለልጅም ለእናትም ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ።

እና ምን ልሠራ ነው? ኤሌክትሪክ። አትሳቅ!

የጀመረው በጎረቤት ምጣድ ነው። የሴትዮዋ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተቃጥሎ አንድ ልጅ ሊጠግን መጣ። እኔም ሥራ ፈትቼ ስለነበር ቁጭ ብዬ አየሁት። ከሸክላው ሥር የተጠመዘዘው ሽቦ የተበጠሰበትን ቦታ ፈለገና አሳየኝ። ከዚያ መሰኪያውን አሳየኝ፤ ቀልጧል። ምጣድ እኮ እስከ 3,500 ዋት ይበላል። ያንን በቀጭን ሽቦና በላላ መሰኪያ ከሰካኸው ምጣዱን ብትጠግነውም በሳምንቱ ይጠሩሃል። ጥፋቱ ምጣዱ ላይ ሳይሆን ግድግዳው ውስጥ ነው። ይህ ነገር በጣም ገረመኝ። እዚህ ስንት አሮጌ ቤት አለ መሰለህ፤ ሽቦው የተዘረጋው ለአምፖልና ለሬዲዮ፣ ዛሬ የተሰካበት ምጣድ፣ ምድጃና ፍሪጅ። ከሰልም ተወደደ፣ ሰዉ ሁሉ ወደ መብራት ዞሯል። ሥራው አለ።

አሁን ከልጁ ጋር እየዞርኩ እለማመዳለሁ። 26 ዓመቱ ነው። እንዴት እንደሚያዘኝ ብታይ! «ጋሼ፣ ፒንሳዋን ያቀብሉኝ።» «ጋሼ፣ መጀመሪያ ብሬከሩን ያውርዱት እንጂ፣ ሊሞቱ ነው?» በአንቱታ ይሰድበኛል። ማታ ማታ ደግሞ ቴክኒክና ሙያ ተመዝግቤያለሁ። ሲኦሲ የሚሉትን የሙያ ብቃት ፈተና ካለፍኩ፣ አንድ ሆቴል በጥገና ክፍል ሊቀጥረኝ ቃል ገብቷል። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ጡረታ ግን አለው።

የከበደኝ ትምህርቱ አይደለም፤ ይሉኝታው ነው። አስበው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ለእንግዳ ስናገር የኖርኩትን። ፋሲለደስ ከተማዋን በ1628 ቆረቆረ እልና፣ ግንቡን ወዳቆሙት ግንበኞችና አናጺዎች እዞራለሁ፤ ቤተ እስራኤሎቹንም አነሳለሁ። ጎንደር አጠገብ ወዳለችው ወለቃ መንደር ወስጄ ሸክላ ሠሪዎቹን አሳያለሁ። የእጅ ባለሙያ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ እንደነበር፣ ምኒልክም በ1900 ያንን ስድብ በአዋጅ እንደከለከሉ ስናገር ድምፄ ሁሉ ይለወጥ ነበር። ባለፈው ታዲያ የመሣሪያ ቦርሳ ይዤ በአራዳ ገበያ ሳልፍ አንድ የዕድራችን ሰው ከፊቴ መጣ። ቦርሳዋን ከጀርባዬ ሸሸግኳት። ሰውዬው ሰላም ብሎኝ አለፈ፣ ልብም አላለኝ። እኔ ግን እስከ ቤት ድረስ በራሴ ስናደድ ሄድኩ።

ባለቤቴ ስለ ቦርሳው ግድ የላትም። የእሷ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ስንት ወር ነው ባዶ እጃችንን የምንሆነው?» ትላለች። እውነቷን ነው። «የምትወደውን ሥራ ሥራ» እያሉ የሚመክሩ ሰዎችን ሰምቻለሁ፤ አብዛኞቹ ቀለብ የሚጠብቃቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ትልቋ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፤ ለመጽሐፍ ብር ስትጠይቀኝ «አባትሽ እየተማረ ነው» ልበላት? የባለቤቴ የመምህርነት ደመወዝ ለኪራይና ለጤፍ በቅቶ ትንሽ ቢተርፈው ነው። ስለዚህ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ እንግዳ ከተገኘ ተራዬን እወጣለሁ፣ ሌላውን ቀን ምጣድ እጠግናለሁ፣ ማታ እማራለሁ። የአስጎብኚነት ፈቃዴንም አድሳለሁ። ዕቁቡ ሲወጣልኝ ግማሹ ለመሣሪያ፣ ግማሹ አይነካም። ማንም እንዳይነካው እሷ ዘንድ ይቀመጣል፤ «ማንም» ያለችው እኔን ነው።

አንተ ጠመኔ ጥለህ መሪ ስትጨብጥ የመጀመሪያውን ዓመት በምን አለፍከው? ብድር ነበረብህ? ልጆችህ ጓደኞቻቸው ፊት «አባታችን ሹፌር ነው» ለማለት ስንት ጊዜ ፈጀባቸው? አደባብሰህ እንዳትጽፍልኝ። ከተሳሳትኩም እንደ ድሮው ስደበኝ፤ ያለ አንቱታ።

ሌላው፣ መርካቶ ስትወርድ የክላምፕ ሜትር ዋጋ ጠይቅልኝ፤ ሽቦው ሳይቆረጥ ኮረንቲውን የሚለካውን። እዚህ የሚጠሩት ዋጋ አይቀመስም። ደህናውን ካገኘህ ግዛውና በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው ስጠው፣ ብሩን ወዲያው እልክልሃለሁ። ከመግዛትህ በፊት ግን አስከፍተህ ባትሪ አስገባና ሞክረው።

ወንድምህ