ስለ ጭፈራ ቤቱ አስፈሪ ጨዋታ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ከዚራ፣ ድሬዳዋ
ግንቦት 2017 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከሰሞኑ ወደ ጌም ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀን ስለ አንድ ጨዋታ ነው፤ ሌሊት በተዘጋ ጭፈራ ቤት ውስጥ ስለሚካሄደው አስፈሪ ጨዋታ። ወጣቶቹ «ሁለተኛው ፎቅ መቼ ነው የሚከፈተው?» ይላሉ። ወላጆች ደግሞ «ለልጆቻችን ምን እያሳያችሁ ነው?» ይላሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። በየወንበሩ እየዞሩ ከመመለስ አንድ ጊዜ ጽፎ ማስረዳት ይሻላል ብለን ይህን ደብዳቤ አዘጋጅተናል።

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እናንተ ለእኛ የምትከፍሉት ለኮምፒውተሩ፣ ለመብራቱና ለተቀመጣችሁበት ሰዓት ነው። ጨዋታውን አንሸጥም። ሠሪው ራሱም አይሸጠውም። አንድ አድናቂ የሚወደውን የሌላ ድርጅት ጨዋታ ገጸ ባሕርያት ተውሶ፣ በራሱ ጊዜና ጉልበት አዲስ ታሪክ የሠራላቸው ነው። ገጸ ባሕርያቱ ግን ባለቤት አላቸው። በእኛም አገር የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ሁሉ ይጠብቃል፤ የሌላውን ሥራ ለውጦ ለማዘጋጀትም የባለመብቱ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ባለመብቶቹ በአድናቂዎች ላይ ያላቸው ጠባይ አንድ ዓይነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ አድናቂ ኒንቴንዶ የተባለውን የጨዋታ ድርጅት «ሜትሮይድ 2» ለዓመታት ደክሞ እንደገና ሠርቶ በነጻ ቢለቀው፣ በቀናት ውስጥ ከድርጅቱ በመጣ ጥያቄ ማውረጃው ተዘጋ። በዓመቱ ደግሞ ሴጋ የተባለው ሌላ የጨዋታ ድርጅት የራሱን የሶኒክን ጨዋታዎች በአድናቂነት ሲሠሩ የቆዩ ሰዎችን ጠርቶ «ሶኒክ ማኒያ»ን አሠራቸው፤ ለገበያም አወጣው። በ2014 የወጣው «ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ» የተባለው አስፈሪ ጨዋታ ፈጣሪ ስኮት ካውተን ከዚህም አልፎ በ2020 የተመረጡ የአድናቂ ጨዋታዎችን በገንዘብ እንደሚደግፍ አስታውቋል። የእኛ የጭፈራ ቤቱ ጨዋታ ከእነዚህ ዕጣዎች የትኛው እንደሚደርሰው የሚወስነው ባለመብቱ ነው። ነገ «አቁሙ» ቢባል በዚያው ቀን ከማሽኖቻችን ላይ እናነሳዋለን። በቅድሚያ የከፈላችሁት ሰዓት ግን አይቃጠልም፤ በሌላ በማንኛውም ጨዋታ ትጠቀሙበታላችሁ።

ፍላሽ ይዛችሁ መጥታችሁ «አንድ ቅጂ ጫኑልን» ስትሉን እምቢ የምንለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማንም ሰው ከሠሪው ገጽ ላይ በነጻ ሊያወርደው ይችላል። (ፍላሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን አይመጣም፤ ከነቫይረሱ ነው።)

አሁን ወደ ሁለተኛው ፎቅ። ደረጃው ላይ ያለው በር የማይከፈተው ቁልፉ ስለጠፋባችሁ አይደለም፤ ከበሩ ጀርባ ገና ምንም አልተሠራም። ጨዋታው ኧርሊ አክሰስ በሚባለው መንገድ፣ ሳያልቅ የወጣ ነው። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። «ማይንክራፍት» ከ2009 ጀምሮ ሳያልቅ ሲሸጥ ቆይቶ ሙሉው የወጣው በኅዳር 2011 ነበር፤ ስቲም የተባለው የጨዋታ መሸጫም ከ2013 ጀምሮ ላላለቁ ጨዋታዎች ራሱን የቻለ ክፍል ከፍቷል። የጨዋታዎቹ ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ተጫዋቹ ቀድሞ ይገባል፣ ስሕተቱን ያያል፣ ለሠሪው ይነግራል፤ ሠሪው ያርማል። በዚህ መሐል በር ላይ ተቀርቅሮ የሚቀር አስተናጋጅ፣ ወለሉን ሰንጥቆ የሚወድቅ ወንበር፣ አንዳንዴም ጭንቅላት የሌለው ዘበኛ ያጋጥማል። ዘበኛው ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስለን ነበር፤ ለካ አይደለም።

ብዙዎቻችሁን ያስቆጣው የተቀመጠው ጨዋታ መጥፋቱ እንደሆነ እናውቃለን። ኮምፒውተሩ ጨዋታችሁን ሲያስቀምጥ የሚመዘግበው የት ክፍል እንደቆማችሁ፣ የትኛው በር እንደተከፈተና ኪሳችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ነው። ሠሪው ባለፈው እድሳት የዕቃ ማስቀመጫውን ክፍል አፍርሶ ባሩን ወደዚያ አዛወረው። ስለዚህ የድሮው መዝገብ የፈረሰ ቤት አድራሻ እንደተጻፈበት ደብዳቤ ሆነ፤ የሚቀበለው የለም። ከአሁን በኋላ አዲስ እድሳት ሲመጣ በግድግዳው በኩል ባሉት ሁለት ማሽኖች ላይ አሮጌውን እናቆያለን። የጀመራችሁትን እዚያ ጨርሱ።

«ማሽናችሁ አርጅቷል፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል» ለምትሉንም መልስ አለን። ጭፈራ ቤት ለኮምፒውተር ከባድ ቦታ ነው። በየአቅጣጫው የሚዞር ባለቀለም መብራት አለ፤ የእያንዳንዱ መብራት ጥላ በየቅጽበቱ መሰላት አለበት። ጭስ አለ። ግድግዳው መስታወት ሲሆን ደግሞ ክፍሉ ሁለት ጊዜ መሣል ይኖርበታል፤ አንዴ በቀጥታ፣ አንዴ በመስታወቱ ውስጥ። ጨዋታ ሠሪዎች ይህን ሸክም የማቅለሉን ሥራ በአብዛኛው የሚተዉት ለመጨረሻ ነው። በዚህ ላይ የግንቦትን የድሬዳዋ ሙቀት ጨምሩበት። የምስል ካርዱ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የምታዩት መንቀጥቀጥ ያ ነው። ስለዚህ ይህ ጨዋታ ከረፋዱ አምስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት አይከፈትም። ከተማው ራሱ ሱቁን ዘግቶ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት ማሽን ማስጨነቅ ደግ አይመስለንም። መብራት ሲሄድ መጠባበቂያው ባትሪ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው የሚቆየው፤ የደረሳችሁበት የሚቀመጠው ደግሞ ጨዋታው ውስጥ የሕዝብ ስልክ ባለባቸው ክፍሎች ብቻ ነው። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ማለት ከጀመረ ወደ ስልኩ ሩጡ።

የጆሮ ማዳመጫ የምናስገድደው ጎረቤት እንዳይረበሽ ብቻ አይደለም። ይህን ጨዋታ ያለ ማዳመጫ መጫወት ግማሹን መተው ነው። ማታ ሙዚቃ ባለበት ቤት በኩል ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከውጭ የሚሰማው ድም ድም የሚለው ወፍራሙ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቀጭኑን ግድግዳው ያስቀረዋል። ሠሪው ይህን በሚገባ ተጠቅሞበታል። ሙዚቃው ታፍኖ ሲሰማ በሩ ዝግ ነው። ድንገት ጥርት ብሎ የዘፋኙ ድምፅ ከተሰማ አንድ ሰው፣ ወይም ሰው ያልሆነ ነገር፣ በሩን ከፍቷል ማለት ነው፤ በየትኛው ጆሮ እንደሰማችሁት አስተውሉ። ስለ ጨዋታው በተለይ የምናደንቀው ይህንን ነው። ድንገት ፊት ላይ ዘሎ የሚጮህ ጭራቅ ማንም ይሠራል።

ከዚህ በታች ያለውን ግን ወላጆችም ወጣቶችም በጥሞና አንብቡልን። ሦስተኛው ክፍል፣ የመጨፈሪያው አዳራሽ፣ በፍጥነት ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አለው። እንዲህ ያለ ብርሃን በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ምንም ምልክት ባልታየበት ሰው ላይ ጭምር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1997 ጃፓን ውስጥ በአንድ የፖኬሞን ካርቱን ላይ ቀይና ሰማያዊ ብርሃን በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ሲፈራረቅ ያዩ ከ600 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ልጆች፣ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል። ዛሬ የተለመደው መመሪያ ብልጭታው በሰከንድ ከሦስት እንዳይበልጥ ነው። ይህ ጨዋታ ያንን አልጠበቀም፤ ለሠሪው ጽፈንለታል። እስኪያስተካክል ድረስ በማስተካከያው ውስጥ ብልጭታውን በሁሉም ማሽኖች ላይ አጥፍተነዋል። መልሳችሁ አታብሩት። የሚጥል በሽታ ያለባችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ያለ ከሆነ ለሠራተኛው ንገሩት፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ ሌላ ጨዋታ እንከፍትላችኋለን።

ሰው ቢወድቅ ሠራተኞቻችን የሚያደርጉት ይህ ነው፦ አካባቢውን ከወንበርና ከገመድ ያጸዳሉ፣ ከራሱ ሥር ለስላሳ ነገር ያደርጋሉ፣ መንቀጥቀጡ ሲያቆም በጎኑ ያስተኙታል፣ ሰዓት ይይዛሉ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በቀጥታ ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ እጅ ጠፍንጎ መያዝ፣ አፍ ውስጥ ማንኪያ መክተት በቤታችን ክልክል ነው። ክብሪት ይዞ የሚሮጠው ሰው በቅን ልብ እንደሆነ እናውቃለን፤ ግን አይጠቅምም። ማንኪያውማ ጥርስ ይሰብራል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ይህን ጨዋታ አይጫወቱም፤ ከታላቅ ወንድም ጋር መምጣትም አይለውጠውም። መታወቂያ የሌለው የትምህርት ቤት መታወቂያ ያሳይ። አንዲት እናት «ጭፈራ ቤት እያስለመዳችሁብኝ ነው» ብለውናል። ስጋታቸውን እናከብራለን፤ ነገር ግን እማማ፣ ይህን ጨዋታ የጨረሰ ልጅ ለጊዜው ጭፈራ ቤት የሚናፍቅ አይመስለንም። ጠርሙስና መጠጥ በየጠረጴዛው ስለሚታይ ግን የዕድሜ ገደቡ ላይ አንደራደርም። ልጃቸው ምን እንደሚጫወት ማየት የሚፈልጉ ወላጆች ከጠዋቱ ሦስት እስከ አምስት ሰዓት ይምጡ። አንድ ማሽን ያለ ክፍያ ይጠብቃቸዋል፤ ሠራተኛውም አጠገባቸው ተቀምጦ ያሳያቸዋል።

ስሕተት ስታገኙ «ተበላሽቷል» ብቻ አትበሉን። የትኛው ክፍል እንደነበራችሁ፣ ምን እንደያዛችሁና ከዚያ በፊት ምን እንደነካችሁ መግቢያው ላይ ባለው ደብተር ጻፉ። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማሊኛ ጻፉት፤ ወደ እንግሊዝኛ የመመለሱ ሥራ የእኛ ነው፤ በየሳምንቱ ዓርብ ለሠሪው እንልካለን። ዘበኛው አሁን ጭንቅላት አለው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጌም ቤቱ ባልደረቦች